ገዢ ያጣው ሸክላ

ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ ዘፈን ነው። ስለ ዘፈን ብቻ ግን አይደለም። ስለ አንድ ጥፋቴም ነው።

እኔ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። ያልሰማሁትን ዘፈን ፈልጎ ማግኘት እወዳለሁ። ጥሩ ዘር ከጎረቤት ይገኛል፤ ጥሩ ዘፈንም ከጓደኛ ይገኛል። እኔም ከመኝታ ክፍል ጓደኛዬ ያገኘሁትን ዘፈን በስልኬ ይዤ ወደ ገጠር መጣሁ። ማታ ትምህርት ሲያልቅ ብቻዬን አዳምጣለሁ።

ከምኖርበት ቤት አጠገብ አንዲት እናት አሉ። ተማሪዬ ነበሩ። አንድ ቀን ሲያነቡ አንድ ፊደል ጠፋቸው። ጣታቸውን ፊደሉ ላይ አድርገው ዝም አሉ። ከኋላ ሰው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ክፉ አስቤ አልነበረም፤ ሳቄ አመለጠኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ትምህርት ቀሩ። ስጠይቃቸው «ሥራ በዛብኝ» ይሉኛል።

አንድ ማታ እሳቸው ጥጥ ይፈትላሉ፤ እኔ አጠገባቸው ተቀምጬ አዳምጣለሁ።

«ልጄ፣ ጆሮሽ ላይ ሰክተሽ የምትሰሚው ምንድን ነው?» አሉኝ።

ማዳመጫውን ሰጠኋቸው። እንዝርቱን አስቀምጠው አዳመጡ።

«ይቺ ሴት ልጅ የምታስተኛ ትመስላለች። እሹሩሩ ነው እንዴ የምትለው?»

እውነታቸውን ነው። ድምፅዋ ቀስ ያለ ነው። የሚያጅባት ጊታር ነው። ጊታር እንደ ክራር በጣት የሚመታ፣ ባለ 6 ክር መሣሪያ ነው። እኔም የዘፋኟን ታሪክ ነገርኳቸው።

ስሟ ቫሽቲ ባንያን ነው። እንግሊዝ አገር በ1945 ተወለደች። ዓመቶቹን የምጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። በ1968 ከወዳጅዋ ጋር ሆና፣ ፈረስ በሚጎትተው ጋሪ ከለንደን ተነሣች። ፈረሲቱ ቤስ ትባል ነበር። ጉዞው ወደ ሰሜን፣ ወደ ስኮትላንድ ደሴቶች ነበር። መንገዱ ከአንድ ዓመት በላይ ፈጀ። በመንገድ ላይ ያየችውን በዜማ አደረገችው። እነዚያ ዘፈኖች በ1970 በሸክላ ወጡ። የሸክላው ስም «ጀስት አናዘር ዳይመንድ ዴይ» ነው።

ሸክላው ገዢ አጣ። እሷም ዘፈኑን ትታ ልጆችዋንና ከብቶችዋን ይዛ ኖረች።

«ስንት ዓመት ዝም አለች?» አሉ እኒያ እናት።

«30 ዓመት ያህል።»

«ማን ከለከላት?»

«ማንም። የሚሰማት ያጣች መስሏት ነው።»

እንዝርታቸውን አነሡ። ጥቂት ፈተሉ። ከዚያም «እኔንም ማንም አልከለከለኝ» አሉ።

ነገሩ ያን ጊዜ ገባኝ። አፈርኩ። «እማማ፣ ያን ቀን መሳቄ ጥፋት ነው። ይቅር ይበሉኝ» አልኳቸው። መልስ አልሰጡኝም። «ይልቅ የሴትዮዋን ታሪክ ጨርሺልኝ» አሉ።

ጨረስኩላቸው። ሸክላውን ያገኙ ጥቂት ሰዎች ለወዳጆቻቸው ያሰሙ ነበር። አንዱ ለአንዱ እያሰማ ቆየ። በ2000 እንደገና ታተመ። ያን ጊዜ ሰው ወደደው። በ2005፣ ከ35 ዓመት በኋላ፣ ሁለተኛ ሥራዋን አወጣች። ዛሬ ኢንዲ ፎክ የሚባለውን የሚዘፍኑ ወጣቶች እንደ ታላቃቸው ያዩዋታል። ፎክ ባላገር በቤቱና በሥራው ላይ የሚያዜመው ዓይነት ነው። ኢንዲ ማለት ትልቅ ኩባንያ ሳይጠጋ በራሱ የሚሠራ ማለት ነው።

ቀጥዬ ሌላ አሰማኋቸው። ይህኛው ድሪም ፖፕ ይባላል። የሕልም ዘፈን እንደማለት ነው። የሚጫወተው ኮክቶ ትዊንስ የሚባል የስኮትላንድ ቡድን ነበር። «ሄቨን ኦር ላስ ቬጋስ» የሚባለው ሥራው በ1990 ወጣ። ጊታሩ እንደ ገደል ማሚቶ እየተመላለሰ ይሰማል። ዘፋኟ ኤልሳቤጥ ፍሬዘር ናት።

«ይቺስ ምን ትላለች?» አሉኝ።

«እኔም አላውቅም። ቋንቋዋን የሚናገሩ ሰዎች እንኳ ብዙ ጊዜ ቃሉን አይለዩትም።»

ሳቁ። «እንግዲያማ ሁላችንም እኩል ነን» አሉ።

በሳምንቱ ደብተራቸውን ይዘው መጡ። ከኋላ ተቀመጡ። ሰው ፊት ድምፅ አውጥተው ማንበብ ግን እስከ ዛሬ እምቢ ይላሉ። ማታ ማታ፣ ፈትሉን ሲጨርሱ፣ ለእኔ ብቻ ያነቡልኛል። ፊደል ሲጠፋቸው ዝም ብዬ እጠብቃለሁ። ራሳቸው ያገኙታል።

ከተማ የምትሄዱ ወይም ስልክ ያላችሁ፣ እነዚህን ዘፈኖች ፈልጋችሁ ስሙ። በመጀመሪያ የቫሽቲን ስሙ። ማታ፣ ቤቱ ጸጥ ሲል ይሻላል። ቋንቋው ባይገባችሁ አትጨነቁ። በቤታችሁም ሰምታችሁ የማትጠግቡት ዜማ ካለ፣ የሚያዜመውን ሰው ስም፣ ለምን እንደወደዳችሁትም ጽፋችሁ ለአስተማሪያችሁ ስጡ። እኛም እንሰማ።

ሰው ሲያነብም፣ ሲያዜምም፣ እስኪጨርስ እንስማው።