ብቻውን ነው ብለን ነበር

ትናንት ከሰዓት ከዚራ፣ ከባቡር ጣቢያው ብዙም ሳንርቅ ዛፍ ጥላ ስር ቁጭ ብለን ከአንድ የድሮ ተማሪዬ ጋር ሻይ ጠጣን። ታሪኩን ጻፈው ብሎኛል፣ ስሜን ግን ተወው ብሏል። የምታውቁት ልጆች ኮመንት ላይ እንዳትጠሩት፣ አደራ።

ልጁ መርከበኛ ነው። ሜካኒካል ኢንጂነሪንግ ጨርሶ፣ ባህር ዳር ዩኒቨርሲቲ ያለው ማሪታይም አካዳሚ ሰልጥኖ፣ አሁን የውጭ አገር ዕቃ ጫኝ መርከብ ላይ ሞተር ክፍል ይሠራል። ያኔ ሲያመነታ "ሂድ አቦ፣ ምን ታስባለህ!" ብዬ የገፋፋሁት እኔ ነኝ። እኔ ማለት ውቅያኖስ በጠመኔ ስስል የኖርኩ፣ ጅቡቲ አፍንጫዬ ስር ሆና ባህር በዓይኔ አይቼ የማላውቅ የጂኦግራፊ መምህር። ሳቁ፣ ግድ የለም።

አባቱ የምድር ባቡር ጡረተኛ ነበሩ። ባለፈው ዓመት አረፉ። ልጁ ያኔ ህንድ ውቅያኖስ ላይ ነበር።

መርዶ እኛ ጋር ሥርዓት አለው። በማለዳ ነው፣ ዘመድ ጎረቤት ተሰብስቦ፣ ሲወድቅ የሚይዘው ሰው አጠገቡ ቆሞ። ባህር መሃል ማን ይይዘዋል? እናቱ "ብቻውን ነው፣ ራሱን ውሃ ውስጥ ቢጥልብኝስ?" አሉ። ኮንትራቱ ሊያልቅ ሁለት ወር ቀርቶት ስለነበር፣ እስኪመጣ ይደበቅ ተባለ። ከኔ ጋር እንደሚጻጻፍ ስለሚያውቁ አደራው እኔ ላይ ወደቀ።

አምስት ሳምንት ዋሸሁት። "አባባ ስልክ አያነሳም" ይለኛል፣ "ስልካቸው ተበላሽቶ ነው" እለዋለሁ። ድምጻቸውን ቅዳልኝ አለኝ አንድ ቀን። ጉንፋን ይዟቸዋል አልኩት። ክፍል ገብቼ ተማሪ ሲኮርጅ ብይዝ እንኳ ለመቆጣት አፌ ይተሳሰር ነበር።

በመጨረሻ እዚሁ ፌስቡክ ላይ አየው። አንድ የሰፈር ልጅ የአባቱን ፎቶ ለጥፎ "ነፍስ ይማር" ብሎ ነበር። ከዚያ በኋላ ዘጠኝ ቀን አልጻፈልኝም። እነዚያን ዘጠኝ ቀናት እንዴት እንዳሳለፍኳቸው እኔ ነኝ የማውቀው።

ትናንት ነው እንግዲህ ያኔ የሆነውን የነገረኝ።

መርከቡ ላይ 21 ሰዎች ናቸው፣ አብዛኞቹ ፊሊፒኖ። ከሥራ ሲወርዱ ስለሚያደርጉት ነገር ጠይቄው አላውቅም ነበር፤ እኔ የምጠይቀው ደሞዝና ወደብ ነው። የመርከበኞች የሥራ ስምምነት፣ የ2006ቱ፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ቢያንስ 10 ሰዓት፣ በሳምንት ደግሞ 77 ሰዓት እረፍት ይሰጣል። "እረፍቱ ተመዝግቦ ይፈረምበታል" አለኝ፣ "ግን ከማን ጋር እንደምታሳልፈው ማንም አይነግርህም።" (የድሬ ልጅ ስለሆነ አንተ ነው የሚለኝ፣ አንቱታ ብዙም አናውቅም።) ሺህ ሠራተኛ የሚይዙት የቱሪስት መርከቦች ላይ ለሠራተኛው ብቻ የተለየ ባር አለ፣ ሰው ሞልቶ ነው ይባላል። እነሱ ጋር አንድ ሳሎንና አንድ የካራኦኬ ማሽን ነው ያለው። ኢንተርኔት ከገባ ወዲህ ደግሞ ሁሉም በልቶ ስልኩን ይዞ ክፍሉ ይገባል፣ በሩን ይዘጋል። እሱም መጀመሪያ እንደዚያ ነበር።

ከዚያ እናቱ ሻንጣው ውስጥ የከተቱለትን ጀበና አወጣ። መርከብ ላይ ከሰል ማቀጣጠል የማይታሰብ ነው፤ በኤሌክትሪክ ምድጃ አፈላ። ሽታው ኮሪደሩን ሞላው፣ አንድ ሰው መጣ፣ ሁለት መጡ። ከዚያ በኋላ እሁድ እሁድ "ቡና ቀን" ሆነ። ቅዳሜ ማታ ሥጋ ሲጠበስ ምግብ አብሳዩ ለሱ ብቻ ዶሮ ለይቶ ያስቀምጥለታል፣ አሳማ እንደማይበላ ያውቃላ።

ፎቶውን ያየው ማታ ሳሎን ውስጥ ተቀምጦ ነው። ምን እንዳለ አያስታውስም። የሚያስታውሰው ካራኦኬው ቀጥ ማለቱን ነው። ዘይት ቀጂው ያዘው። አብሳዩ ሌሊቱን ሩዝና ሾርባ ሠራ። ከፈረቃ የወረደ ሁሉ አልጋው ጋ ሳይሄድ መጥቶ አጠገቡ ይቀመጣል፣ የእንቅልፍ ሰዓቱን ትቶ፣ ዝም ብሎ። ሦስት ቀን እንደዚያ ሆነ። ቡናውንም እነሱ አፈሉት፣ በጣም ቀጥነውት። "ለቅሶ ተቀመጡልኝ ቲቸር፣ ወላሂ" አለኝ።

ይቅርታ ልጠይቀው ስጀምር አቋረጠኝ። "መዋሸትህ አይደለም የከነከነኝ። ብቻዬን ነኝ ብላችሁ ማሰባችሁ ነው። አባባ ቢኖር እንደዚያ አያስብም ነበር።"

እውነቱን ነው። አባቱ ከጅቡቲ መስመር ሲመለሱ ቀጥታ ቤት አይገቡም ነበር። እዚሁ ከዚራ ከባቡር ጓደኞቻቸው ጋር ካርታ ተጫውተው፣ ተሰዳድበው፣ ተሳስቀው ነው የሚገቡት። እናትየው እስከ ዛሬ በዚህ ይነጫነጫሉ፤ "ከኔ ይልቅ እነሱ ነበሩ የሚያውቁት" ይላሉ።

ሐሙስ ተመልሶ ይሄዳል። አብሳዩ ትናንት በድምፅ መልእክት "እማማ ደህና ናት?" ብሎ በእንግሊዝኛ ጠይቆ ነበር፤ እናትየው ስልኩን ተቀብለው በአማርኛ አምስት ደቂቃ ሙሉ መረቁት። አሁን በርበሬ እያስፈጩለት ነው። ሁለት ኪሎ ይበዛል ብላቸው አልሰሙኝም።