ስሜን ተራራ ከመሄዳችን በፊት

በካርታ ላይ ብቻ የምናውቀውን ራስ ዳሽንን በእግራችን ልናውቀው ተነስተናል። አምስት ሰልጣኞች ነን፤ ጊዜውም ዝናቡ አልፎ መሬቱ የሚጠነክርበት ጥቅምት ነው። መጀመሪያ የአገሩንና የመንገዱን ሰላም እናጣራለን፤ ሰላም ካልሆነ እቅዱ ይቆያል።

አካሄዳችን እንዲህ ነው። ደባርቅ በፓርኩ ጽሕፈት ቤት ተመዝግበን፣ መንገድ መሪ፣ ጠባቂና የጭነት በቅሎ እንይዛለን። በመጀመሪያው ቀን ሳንቃበር፣ በሁለተኛው ግጭ፣ በሦስተኛው ጨነቅ እናድራለን። በአራተኛው ቀን የቧሂትን ትከሻ ተሻግረን፣ መሸሃ ወንዝ ድረስ ቁልቁል ወርደን፣ እንደገና ወደ አምቢቆ ሽቅብ ነው። በአምስተኛው ቀን ከ4,500 ሜትር በላይ ወዳለው ጫፍ!

በ2011 ዓ.ም. ፓርኩን ሰደድ እሳት እንዳቃጠለው እናስታውሳለን። ስለዚህ የላምባ ምድጃ ይዘን እንሄዳለን እንጂ ከአስታው አንዲት ጭራሮ አንሰብርም። ሌሊቱ ውርጭ ስለሆነ ጋቢና ወፍራም ካልሲ የግድ ነው። ስንቃችን በሶና ቆሎ ነው።

ታዲያ ያከራከረን ስንቁ አይደለም። ከመካከላችን አንዱ አስም አለበት። አንዳንዶቻችን «ደባርቅ ሆኖ ይጠብቀን» አልን። እሱም «እናንተ ተራራ ልታዩ ነው ወይስ ተራራ ልታሸንፉ?» ሲል ጠየቀን። ዝም አልን።

እርግጥ እኛ የቤቴል ሰዎች ከ2,300 ሜትር በላይ ነው የምንኖረው። ግጭ ግን 3,600 ሜትር ግድም ነው፤ እዚያ አየሩ ይሳሳል። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ጎበዝ ሰነፍ አይልም፤ የሮጠውን ያስቀድማል እንጂ። ሲብስ መድኃኒቱ ቶሎ ወደ ታች መውረድ ነው።

እንግዲህ የተስማማንበት ይህ ነው። ጓደኛችን አስቀድሞ ሐኪም ያማክራል፤ ሐኪሙ ከፈቀደ ከፊት የሚሄደው እሱ ነው፤ እርምጃችን በእርምጃው ይለካል። ግጭ ላይ አንድ ቀን ጨምረን እናርፋለን። አንዱ ከታመመ አንድ ሰው አብሮት ይወርዳል፤ ማን እንደሚወርድ ከአሁኑ ዕጣ ጥለናል። እስከዚያ ቅዳሜ ቅዳሜ ሸክም ይዘን ወደ ወጨጫ ዳገት እንለማመዳለን።

ነገ በየክፍላችን ፈጣኑም ዘገምተኛውም ተማሪ ይጠብቀናል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል፤ ጫፉ ቢቀርብንም ዋልያውንና ጭላዳውን አብረን አይተን እንመለስ!