ሃያ ሁለት ብር



ይህቺን ጽሑፍ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ አጥፍቻታለሁ። ምክንያቱ ሌላ አይደለም፣ ሐፍረት ነው። "የቤት ሥራ ለነገ አይባልም" እያልኩ ስጮህባችሁ የኖርኩ ሰውዬ፣ ሰባት ዓመት ሊሞላው ጥቂት የቀረው የቤት ሥራ ራሴው ላይ ተከምሮ እንደነበር ልናገር ነው። ያውም የእውነት የቤት ሥራ፤ የእናቴ የቀበሌ ቤት ኪራይ።

ለማታውቁ ልጆች ትንሽ ላስረዳ። የቀበሌ ቤት መነሻው ሐምሌ 19 ቀን 1967 የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ነው፤ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ። ከተወረሱት ቤቶች ውስጥ ኪራያቸው በወር እስከ 100 ብር የሆኑት ለቀበሌ ተሰጡ፤ ከዚያ በላይ ያሉት ወደ ኪራይ ቤቶች ሄዱ። ኪራዩም በዚያው አዋጅ ተቀነሰ። ከዚያ በኋላ የብዙው ቤት ኪራይ በቆመበት ቆሞ ቀረ። ለዚህ ነው ጤፍም ዘይትም ታክሲም ሲጨምር የቀበሌ ቤት ኪራይ በአሥሮች ብር ሲቆጠር የኖረው።

አባቴ የእኛን ቤት የያዘው በ1974 ነው። ሁለት ክፍል፣ ጭቃ ግድግዳ፣ ቆርቆሮ ጣሪያ፤ ሽንት ቤቱ ከስድስት አባወራ ጋር የጋራ። ኪራዩ 22 ብር።

አባቴ ወር በገባ በአምስተኛው ቀን ሄዶ ይከፍላል። ደረሰኙን አምጥቶ በሩ ጀርባ ያለው ሚስማር ላይ ይሰካዋል። ሚስማሩ ሲሞላ በላስቲክ ጠቅልሎ ሳጥን ውስጥ ይከታል። ልጅ ሆኜ አንዴ የደረሰኝ ጀርባ ላይ የክፍል ሒሳብ ስሠራ አገኘኝና ጆሮዬን ቆነጠጠኝ። "ይሄ ቤታችን ነው" አለኝ። እኔ ደግሞ በልቤ "ወረቀት ነው እንጂ" አልኩ።

አባቴ በ2009 ዐረፈ። ኪራይ መክፈሉ የእኔ ሥራ ሆነ።

መጀመሪያ አንድ ዓመት ያህል በሥርዓቱ ከፈልኩ። ከዚያ አንድ ቀን ስሄድ "ሲስተም የለም" ተባልኩ። ሌላ ቀን ስሄድ ገንዘብ ያዧ ስብሰባ ላይ ናት። በሦስተኛው "የውሉ ባለቤት ከሞቱ ስሙን አዛውሩ እንጂ" የሚል ሰው ገጠመኝ። ስም ማዛወር ማለት ደግሞ ወረቀት ማሰባሰብ፣ ምስክር መቁጠር፣ ከሥራ መቅረት ነው። በሳምንት 25 ክፍለ ጊዜ አለብኝ። "ክረምት ይምጣ" አልኩ። ክረምት መጣ፣ ማጠናከሪያ ትምህርት ያዝኩ። "ለመስከረም" አልኩ። ነገርዬው እንዲህ እንዲህ እያለ ሄደ።

አሁን የሚያሳፍረኝ ቦታ ላይ ደረስኩ። እናቴ በየወሩ እሑድ ስሄድ ሃያ ሁለት ብሯን በመሐረብ ቋጥራ ትጠብቀኛለች። "እኔ እከፍላለሁ ተይው" ብላት አትሰማም፤ "የቤቴን ኪራይ እኔው ልክፈል" ትላለች። ተቀብዬ ኪሴ እከታለሁ። ብሯ ለታክሲ ትሄዳለች። በሚቀጥለው ወር "ከፈልክልኝ?" ስትለኝ "አዎ" እላለሁ። ደረሰኙን ስትጠይቅ "እኔ ጋር አለ"።

በልቤ እንደምከፍለው እርግጠኛ ነበርኩ። ሃያ ሁለት ብር እኮ ናት! አንድ ቀን ሄጄ በአንዴ እዘጋዋለሁ። እኔ ራሴ ለተከራየሁት አንድ ክፍል በወር 4,500 ብር እከፍላለሁ፤ አንድ ቀን አሳልፌ አላውቅም። ለምን ቢባል አከራዬ በነጋታው በሬን ታንኳኳለች። አያችሁ፣ የምከፍለው ለሚጮህብኝ ነው። ዝም የሚለኝን ግን አሳድረዋለሁ። የቀበሌ ቤት ደግሞ ዝም ይላል። አንድ ዓመት ዝም፣ ሦስት ዓመት ዝም። ከዚያ አንድ ቀን ደብዳቤ ይመጣል።

ደብዳቤው የመጣው በሰኔ 2016 ነው። በእረፍት ሰዓት ስልኬ ጮኸ። እናቴ ናት። "ልጄ፣ ለአባትህ ደብዳቤ መጥቷል" አለችኝ። የጎረቤት ልጅ አንብባላታለች። ከመስከረም 2007 ጀምሮ የ118 ወር ውዝፍ ኪራይ እንዳለ፣ በአሥር ቀን ውስጥ ቀርቦ ካልተከፈለ ውሉ ተቋርጦ ቤቱን እንደሚረከቡ የሚገልጽ ማስጠንቀቂያ ነው።

ጊዜውን አስታውሱት። ፒያሳ የፈረሰበት ዓመት ነው። በየሰፈሩ ሰው ሁሉ ሳጥኑን ከፍቶ ወረቀት ይፈልግ ነበር። ለመንገድና ለኮሪደር ልማት ሲነሱ፣ ውል በእጃቸው ያለ የቀበሌ ቤት ተከራዮች ምትክ ቤት ወይም ኮንዶሚኒየም ያገኛሉ። ዕድሜ ልኩን እዚያው ቤት ኖሮ ስሙ ውል ላይ የሌለ ሰው ግን "ማን ነህ?" ነው የሚባለው። የእናቴ ስም ውል ላይ የለም። የአባቴ አለ፤ እሱ ደግሞ ከሞተ ሰባት ዓመቱ። ሰፈራችን በዚያ ሰሞን ቢነሳ ኖሮ እናቴ በ60 ምናምን ዓመቷ ከአርባ ዓመት ቤቷ የምትወጣው ባዶ እጇን ነበር። በእኔ የሃያ ሁለት ብር ስንፍና።

በነጋታው ሁለት ክፍለ ጊዜ አስሸፍኜ ወረዳ ሄድኩ። ወረፋዬ ደርሶ መስኮቱ ጋ ስቀርብ "ቲቸር!" የሚል ድምፅ ሰማሁ። ዘጠነኛ ክፍል ያስተማርኳት ልጅ ናት። (ስምሽን አልጠቅስም፣ ይህን እንደምታነቢው ግን አውቃለሁ።) ውስጤ ተንፈስ አለ። ዝምድና አገኘሁ ብዬ።

ድምፄን ዝቅ አድርጌ "እስቲ በሆነ መንገድ ጨርሺልኝ" አልኳት። አዎ፣ ብያለሁ። እኔ፣ ኩረጃ ስይዝ ወረቀት የምቀድ ሰው።

ልጅቷ አልተቆጣችም፤ አልሳቀችም። "ቲቸር፣ በጓሮ የተሠራ ነገር ኋላ ኦዲት ሲመጣ እናትዎን ነው የሚያስነሳቸው። በበሩ እንሥራው" አለችኝና ወረቀት ላይ አራት ነገር ጻፈችልኝ። የአባቴ የሞት ምስክር ወረቀት፤ የጋብቻ ማስረጃ፤ በዚያው ቤት ቁጥር የወጣ የእናቴ የነዋሪነት መታወቂያ፤ መጨረሻ የተከፈለበት ደረሰኝ። አሥሩ ቀን እንዳያልፍብኝም "ጉዳዩ በሒደት ላይ ነው" የሚል ማመልከቻ በዚያኑ ቀን አስጽፋ መዝገብ ቤት አስገባችልኝ። ይህቺ ማመልከቻ ናት ያዳነችን። ቀን ካለፈ በኋላ ብመጣ ኖሮ እሷም ምንም ማድረግ አትችልም ነበር።

ከዚያ ወደ እናቴ። መንገድ ላይ ሰበብ ሳዘጋጅ ነበር። በር ላይ ስደርስ ግን ሚስማሩን አየሁት። ባዶውን ቆሟል። በቃ ተናገርኩ። አልከፈልኩም አልኳት። አንድም ቀን።

እናቴ ቡና እየቆላች ነበር። ማማሰሉን አላቆመችም። ቆየችና "ስጠይቅህ እኮ 'ከፍያለሁ' ብለኸኛል" አለች። ይኸው ነው፤ ሌላ አልጨመረችም። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

ቡናው ካለቀ በኋላ ተነስታ የአባቴን ሳጥን ከአልጋ ሥር ጎተተችው። በላስቲክ የተጠቀለሉ ደረሰኞች፤ ዓመት በዓመት የታሰሩ። ቁጭ ብለን ቆጠርን። ከመስከረም 2007 አባቴ እስከሞተበት ድረስ አንድ ወር አልጎደለም። የእኔዋ የአንድ ዓመት ደግሞ እዚያው ነበረች፤ መጨረሻዋ የኅዳር 2010። መዝገቡ ከቦታ ወደ ቦታ ሲዛወር አልተመዘገበም መሰለኝ፣ ደብዳቤው 118 ወር ያለውን የአባቴ ላስቲክ 79 ወር አደረገው። 39 ወር ተሰረዘልን። ሰውዬው ከሞተ በኋላም ኪራይ ይከፍልልን ነበር ማለት ነው።

79 ሲባዛ በ22፣ 1,738 ብር። ከነቅጣቱ ከ2,100 ትንሽ አለፍ ይላል። የእኔ የአንድ ወር ኪራይ ግማሽ እንኳ አይሞላም። ሰባት ዓመት የሸሸሁት ጭራቅ ይህችን አክላ ተገኘች።

ከባዱ ወረቀቱ ነበር። የአባቴን ሞት ያኔ አላስመዘገብንም። ጋብቻቸው በሽማግሌ የተፈጸመ ነው፤ የምስክር ወረቀት የለውም። የዕድሩ ዳኛ ከዘራቸውን ይዘው፣ ሁለት ጎረቤቶች ነጠላቸውን አጣፍተው ለምስክርነት ሦስት ቀን ተመላለሱልን። አራት ወር ፈጀ። ጥቅምት 2017 ላይ ውሉ በእናቴ ስም ታደሰ። ስትፈርም እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር። ደረሰኙን ለእኔ አልሰጠችኝም። ራሷ ይዛ ገባችና ሚስማሩ ላይ ሰካችው።

ይህን የምጽፈው ራሴን ለመውቀስ ብቻ አይደለም። በእነዚያ አራት ወራት ወረፋ ላይ ብዙ ሰው አገኘሁ፤ አብዛኛው እንደ እኔ ገንዘቡን ሳይሆን መስኮቱን የሚፈራ ነው። የእውነት ያጡም አሉ። ጎረቤታችን ቆሎ ሸጣ የምታድር እናት ናት። በኮሮና ጊዜ ያቋረጠችው ኪራይ ከነቅጣቱ ሲደመር ደነገጠች፤ ከዚያ በኋላ የወረዳ ሰው ሲመጣ በር ዘግታ "የለችም" ታስብል ነበር። ይዣት ሄድኩ። አቅሟን አስረድታ በጽሑፍ አመለከተች፤ በየወሩ ከመደበኛው ኪራይ ጋር ትንሽ ትንሽ እንድትከፍል ተፈቀደላት። በር ዘግታ በነበረ ጊዜ ማን ይፈቅድላት ነበር?

ኮንዶሚኒየም የደረሳችሁ ወዳጆቼም ከዚህ አታመልጡም። አንድ ባልደረባዬ በ20/80 ደርሶት ሃያውን ተበድሮ ከፈለ፤ ሰማንያው የባንክ ዕዳ ነው። ሚስቱ ስትታመም አምስት ወር አሳለፈ። ባንኩ ሲደውል ስልክ ማንሳት ተወ። "ደመወዜ ሲጨምር" ይላል። እዚህ ላይ ጨዋታ የለም። ባንክ በመያዣ የያዘውን ንብረት፣ ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ያለ ፍርድ ቤት በሐራጅ የመሸጥ ሥልጣን በአዋጅ ቁጥር 97/1990 ተሰጥቶታል። እየጎተትኩ ቅርንጫፉ ወሰድኩት። የሕክምና ወረቀቱን አሳየ፣ ተነጋገረ፣ ክፍያው እንደገና ተመደበለት። ዕዳው አልጠፋም፤ እንቅልፉ ግን ተመለሰ።

እና ተማሪዎቼ፣ ዛሬ ብዙዎቻችሁ ሥራ ይዛችኋል፤ የእናት የአባታችሁን ጉዳይ የምታስፈጽሙት እናንተ ናችሁ። አራት ነገር ልለምናችሁ።

የውሉ ባለቤት ካረፈ ሐዘኑ ሲወጣ ወዲያው ሞቱን አስመዝግቡ፣ ስሙን አዛውሩ።

ደረሰኝ አትጣሉ። በቴሌብር ወይም በሞባይል ባንኪንግ የምትከፍሉም ብትሆኑ ማረጋገጫውን አስቀምጡት። ሲስተም ይረሳል።

ካጣችሁ አትደበቁ። ማስጠንቀቂያ ሲመጣ ቀኑን ቁጠሩና ሳያልፍ በጽሑፍ አመልክቱ፤ የገባበትን ቁጥር ያዙ። ሳይቃጠል በቅጠል።

አራተኛው ሒሳብ አይደለም። ኪራይ ትንሽ ስለሆነ ቤቱ ትንሽ አይደለም። ሃያ ሁለት ብሩን ስንቅ አርባ ዓመት የኖርንበትን ቤት፣ የእናቴን እርጅና፣ የአባቴን ድካም አብሬ እንደናቅኩ አላወቅኩም ነበር።

አሁንም እሑድ እሑድ እሄዳለሁ። ብሯን በመሐረብ ቋጥራ መጠበቅ ግን ትታለች። ወር በገባ በአምስተኛው ቀን ራሷ ሄዳ ትከፍላለች። "ልክፈልልሽ" ብላት "ተው፣ አንተ አስተምር" ትለኛለች። እየሳቀች ነው፤ ግን አትሰጠኝም። ያችን ሃያ ሁለት ብር መልሳ የምታምነኝ ቀን እስኪመጣ እየጠበቅኩ ነው።

መስኮቱ ጋ ላገኘሁሽ ተማሪዬ፦ በጓሮ ስላላስገባሽኝ አመሰግናለሁ። ያስተማርኩሽን መልሰሽ አስተምረሽኛል።

ዛሬ ማታ እናታችሁ ጋ ደውሉና "የቤት ኪራዩ ደረሰኝ የት ነው?" በሏት። እናንተም የገጠማችሁ ካለ ከሥር ጻፉልኝ፤ ለሌላው ይጠቅማል።

መልካም ሳምንት ይሁንላችሁ።