በደህና ቀን የሚዋጥ ክኒን

ጤነኛ መስሎ እየተሰማን መድኃኒት መዋጥ ከባድ ነው። ይህን ያየሁት በአጎቴ ነው። ሄፓታይተስ ቢ ጉበታቸውን አጠባሰሰው። ጠባሳው የደሙን መንገድ ሲያጠብበት፣ ደሙ ሌላ መውጫ ፈልጎ በምግብ መውረጃ ቧንቧቸው ያሉትን ደም ሥሮች ወጠረ። አንድ ሌሊት ፈነዱና ደም አስታወኩ።

ሐኪሞች ያበጡትን ሥሮች በኢንዶስኮፒ በላስቲክ አሰሩላቸው። አንዴ የደማ ግን ተመልሶ ሊደማ ይችላልና ፕሮፕራኖሎል የተባለ ክኒን ጨመሩላቸው። ክኒኑ መጀመሪያ የተሠራው ለልብ ሕመም ነው። በ1981 እ.ኤ.አ. ዲዲዬ ሌብሬክና ባልደረቦቹ በፈረንሳይ የጉበት ሕሙማንን ዳግም ከመድማት እንደሚጠብቅ አሳዩ። የልብን ምት ያረጋጋል፤ ወደ አንጀት የሚሄደውን ደም ይቀንሳል፤ በዚህም ወደ ጉበት በሚገባው ደም ሥር ያለው ግፊት ይወርዳል።

ከወራት በኋላ አጎቴ፣ «ድኛለሁ እኮ፤ ደግሞም ያደክመኛል» ብለው ሊተዉት ፈለጉ። አክስቴ ግን፣ «ያልደማኸው እየዋጥከው ስለሆነስ?» አሏቸው። ሐኪሙም የልብ ምታቸውን ለክቶ መጠኑን ቀነሰላቸው እንጂ አላስቆማቸውም።

ወንድሜ፣ እህቴ፣ በቤታችሁ እንዲህ ያለ ክኒን የሚውጥ ሰው አለ? «ጸልየናል፤ አሁን ተወው» አትበሉት። ጸልዩለት፤ መዋጫ ውኃውንም ቀድታችሁ አቅርቡለት። ቢያዞረው ወይም ቢያደክመው ሐኪሙን ያማክር እንጂ በራሱ አያቋርጥ። ሰገራው እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ግን ሳትውሉ ሳታድሩ ሆስፒታል አድርሱት።

ምንም ሳይሆን ያለፈ ሌሊትም የምስጋና ርዕስ ነው።