ሲስተም የለም

ባለፈው ወር መጨረሻ ሒሳብ ልከፍል ሄጄ ሰልፍ ያዝኩ። አንድ ሰዓት ተኩል ከቆምን በኋላ መስኮቱ ጋ ያለችው ልጅ «ሲስተም የለም!» ብላ አረዳችን። ከፊቴ የነበሩ አባት ከዘራቸውን ተደግፈው፣ «ይኼ ሲስተም የሚሉት ሰውዬ ዛሬም አልገባም?» አሉ። ሰልፈኛው ሳቀ። እኔ መሳቅ አቃተኝ። ሰውዬውን አውቀዋለሁ፤ እንጀራዬ እሱን መሥራት ነው።

እስቲ ልናዘዝ። ከዓመታት በፊት አምስት ሆነን ለአንድ መሥሪያ ቤት የምዝገባ ሲስተም ሠራን። አምስታችንም ቢሮ ቁጭ ብለን ሞከርነው፤ እንከን አልወጣለትም። «ሺህ ሰው ባንድ ጊዜ ቢገባበትስ?» ብል አለቃችን፣ «አታሟርት! ምረቃው እኮ ሰኞ ነው» አለኝ። ዝም አልኩ። ሰኞ ሦስት ሰዓት ላይ ተከፈተ፤ አራት ሰዓት ሳይሞላ ቀጥ አለ። ልጃቸውን ሊያስመዘግቡ ከክፍለ ሀገር የመጡ እናት፣ «ልጄ፣ ለአዳር የያዝኳት ብር አልቃለች፤ ምን ይሻለኛል?» ሲሉኝ የመለስኩላቸው ያችኑ ነው፦ «ሲስተም የለም፣ እናቴ።»

ማሽኑ አልተበላሸም ነበር። ሲስተሙ ከዳታቤዙ ጋር የሚነጋገርባቸው መስመሮች የተቆጠሩ ናቸው። እነሱ ሲያዙ ሌላው ይጠብቃል። መጠበቅ የሰለቸው ደግሞ ቁልፉን ደጋግሞ ይነካል፤ እያንዳንዷ ንክኪ አዲስ ሰልፈኛ ናት። በሰልፍ ላይ ሰልፍ!

ይህን ቀድሞ ለማወቅ ጠንቋይ ቤት አያስኬድም። ጄሜትርን የመሰለ በነፃ የሚገኝ ፕሮግራም ሺህ ሰው መስሎ ሲስተሙን ይወርረዋል። መቶ፣ አምስት መቶ፣ ሺህ እየተባለ እስኪንገዳገድ ይጨመርበታል። ቁም ነገሩ «አለፈ» ለማለት አይደለም፤ የት ላይ እንደሚወድቅ፣ ወድቆስ ይነሳ እንደሆነ ለማየት ነው።

የእኛ ድህነት ነው እንዳትሉኝ። የአሜሪካ መንግሥት የጤና መድን ድረ ገጽ፣ ሄልዝኬር ዶት ጎቭ፣ ኦክቶበር 1 ቀን 2013 (እ.ኤ.አ.) ተከፈተ። ባንድ ጊዜ ከ50 እስከ 60 ሺህ ሰው ሲጠበቅ እስከ 250 ሺህ ጎረፈ። በመጀመሪያው ቀን ምዝገባውን የጨረሱት ስድስት ሰዎች ነበሩ። አዎ፣ ስድስት! ከመከፈቱ ከቀናት በፊት በተደረገ ሙከራ ጥቂት መቶ ሰው ብቻ ሲገባበት ተገትሮ እንደነበር በኋላ ተሰማ። ታዲያ የመክፈቻው ቀን አልተገፋም። ሰርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ ማለት ይኼ ነው።

ስለዚህ ጉድለቱ የዕውቀት አይመስለኝም። ክፉ ወሬ የማይወድ አለቃና ዝም የሚል ባለሙያ ሲገናኙ ዕዳውን የሚከፍለው ሰልፈኛው ነው። እኔም ከዚያ ሰኞ ወዲህ ራሴ ያልጣልኩትን ሲስተም ለሰው አላስረክብም። የእኒያ እናት የአዳር ብር ግን በዚህ አይመለስም።

ወደ ሰልፉ ልመልሳችሁ። አባት ዞር ብለው፣ «ልጄ፣ የተማርክ ትመስላለህ፤ ነገስ ይመጣ ይሆን?» አሉኝ።

«ሰው ሲቀንስ ይመጣል፣ አባቴ» አልኳቸው።