ቤልጅግ የተሠራባት ከተማ

በገጠራችን አሮጌ ጠመንጃ ያላየ ሰው የለም። ከአያት ለአባት፣ ከአባት ለልጅ የተላለፈ አለ። በሠርግና በለቅሶ ይዘውት የሚወጡት አለ። ስማቸውንም እናውቃለን። ውጅግራ፣ ሰናድር፣ ለበን፣ ምንሽር፣ ቤልጅግ እንላቸዋለን።

እነዚህ ስሞች ከየት መጡ? ውጅግራ የፈረንሳዮች ጠመንጃ ነው። በአገሩ «ፉዚል ግራ» ይባላል። ግራ የሠራው መኮንን ስም ነው። የእኛ አፍ ውጅግራ አለው። ሰናድር የመጣው «ስናይደር» ከሚባለው የእንግሊዞች ጠመንጃ ነው። የቤልጅግ ግን ቀላል ነው። ስሙ የአገሩ ስም ነው። ቤልጅየም ከምትባል የአውሮፓ አገር የመጣ ማለት ነው።

እስቲ ዛሬ ወደዚያች አገር እንሂድ። የምንሄደው ሊዬዥ ወደምትባል ከተማ ነው።

ቤልጅየም ትንሽ አገር ናት። ዋና ከተማዋ ብራስልስ ነው። ከብራስልስ ወደ ምሥራቅ በባቡር አንድ ሰዓት ያህል ሲሄዱ ሊዬዥ ይደርሳሉ። በከተማዋ መካከል ሜውዝ የሚባል ትልቅ ወንዝ ያልፋል። ጭነት የያዙ ጀልባዎች ይመላለሱበታል። ከከተማዋ ዙሪያ የድንጋይ ከሰል ይወጣ ነበር። ዛሬ ጉድጓዶቹ ተዘግተዋል። ከሰሉ እሳት ሰጠ። ወንዙ ኃይል ሰጠ። ስለዚህ ሊዬዥ ከጥንት ጀምሮ የብረት ሠሪዎች ከተማ ሆነች።

በድሮ ጊዜ ጠመንጃው የሚሠራው በአንድ ትልቅ ፋብሪካ አልነበረም። ቬስድር በሚባል ወንዝ ዳር ያሉ መንደሮች አፈሙዙን ይቀጠቅጡ ነበር። መዶሻውን የሚያነሣው ውሃ ነው፤ ልክ እንደ ውሃ ወፍጮ። ሌላው ሰው በቤቱ ሰደፉን ይጠርባል። ሌላው ቃታውን በሞረድ ያስተካክላል። በመጨረሻ ነጋዴው ሁሉንም ሰብስቦ ይገጥማል።

በ1889 በአውሮፓ አቆጣጠር ግን ትልቅ ፋብሪካ ተቋቋመ። ቦታው ከሊዬዥ አጠገብ ያለች ኤርስታል የምትባል ከተማ ናት። የመጀመሪያ ሥራውም ለቤልጅየም መንግሥት 150,000 የማውዘር ጠመንጃ መሥራት ነበር። ኋላ ኢትዮጵያም ከዚሁ ፋብሪካ ማውዘር ገዝታለች። የቤልጅየም መኮንኖችም በ1922 ዓ.ም. መጥተው የክብር ዘበኛን አሠለጠኑ። በዚህ ፋብሪካ ብዙ ሴቶች ይሠሩ ነበር። በ1958 ዓ.ም. ወደ 3,000 የሚሆኑት «ለእኩል ሥራ እኩል ደመወዝ» ብለው ለ12 ሳምንት ሥራ አቆሙ።

ሊዬዥ የምትታወቅበት ሌላም ነገር አለ። እሱም ማኅተም ነው። አንድ አፈሙዝ ሲሠራ ከልክ በላይ ባሩድ ተጨምሮበት ይተኮሳል። ከፈነዳ ይጣላል። ከቻለ በብረቱ ላይ ማኅተም ይመታበታል። ማኅተሙ በእንቁላል ቅርጽ ውስጥ ያሉ ሦስት የፈረንጅ ፊደላት ናቸው። «ኢ፣ ኤል፣ ጂ» ይላሉ። ትርጉሙ «የሊዬዥ ፍተሻ» ማለት ነው። ይህ ምልክት በብዙ አገር ጠመንጃ ላይ ይገኛል።

በከተማዋ በወንዙ ዳር ትልቅ ቤተ መዘክር አለ። ኩርቲዩስ ይባላል። ቤቱን ያሠራው ለጦር ባሩድ በመሸጥ የበለጸገ ነጋዴ ነበር። ዛሬ በውስጡ የጦር መሣሪያ ተደርድሯል። ሰዎች እየመጡ ያያሉ፣ ይማራሉ።

ታዲያ የሊዬዥ ጠመንጃ ወደ እኛ የመጣው እንዴት ነው? ሁሉም አዲስ ሆኖ አልመጣም። የአውሮፓ ጦር አዲስ ጠመንጃ ባገኘ ቁጥር አሮጌውን ለነጋዴ ይሸጥ ነበር። ነጋዴውም ወደ ሩቅ አገር ይልከዋል።

አንድ ምሳሌ እንይ። አርተር ራምቦ የሚባል ፈረንሳዊ ነበር። በወጣትነቱ ባለቅኔ ነበር፤ ኋላ ነጋዴ ሆነ። በ1878 ዓ.ም. ከታጁራ ለቤተሰቡ ደብዳቤ ጻፈ። የሚነግድባቸው ጠመንጃዎች ከአርባ ዓመት በፊት የተጣሉ ናቸው አለ። በሊዬዥ ወይም በፈረንሳይ ከአሮጌ ዕቃ ነጋዴ አንዱ በ7 ወይም በ8 ፍራንክ ይገዛል። ለሸዋው ንጉሥ ለምኒልክ ግን በ40 ፍራንክ ገደማ ይሸጣል። በ1879 ዓ.ም. ሁለት ሺህ ገደማ ጠመንጃ በግመል ጭኖ፣ በአፋር በረሃ አቋርጦ አንኮበር ገባ። መንገዱ አራት ወር ፈጀበት። ምኒልክም ሞኝ አልነበሩም። ተከራክረው ዋጋውን አሳነሱበት። ሆኖም ለጠመንጃ የሚከፈለው የዝሆን ጥርስና ሌላው ሀብት ከሕዝቡ ግብር የመጣ ነው። የጠመንጃውን ዋጋ የከፈለው ገበሬው ነው።

እንግዲህ አሮጌ ጠመንጃ በእጃችሁ ካለ ብረቱን እዩት። ብዙው ጽሑፍ የሚገኘው ጥይት ከሚገባበት አጠገብ ነው። በውጅግራ ላይ «ሴንት ኤትየን» የሚል የፈረንጅ ጽሑፍ ልታገኙ ትችላላችሁ። የፈረንሳይ ከተማ ስም ነው። ዘውድ ካለበት የእንግሊዝ ሊሆን ይችላል። አንበሳ ካለበት ለኢትዮጵያ መንግሥት የተሠራ ወይም የተመዘገበ ነው።

ሁለት ራስ ያለው ንስር ካለበትስ? ያ የኦስትሪያ ጦር ምልክት ሊሆን ይችላል። ኦስትሪያ በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ተሸነፈች። ጣልያን ብዙ ጠመንጃዋን ወሰደች። በ1928 ዓ.ም. አገራችንን ስትወር ጣልያን ይህንኑ ጠመንጃ ለባንዳና ለአስካሪ ሰጠች። አርበኞቻችን ማረኩት። አንድ ብረት የሦስት አገር ታሪክ ይዟል ማለት ነው።

የተጻፈው ዓመት የአውሮፓ ነው። 8 ወይም 7 ብትቀንሱ የእኛ ዓመት ይወጣል። 1917 ቢል በእኛ 1909 ወይም 1910 መሆኑ ነው።

ይህን ጽሑፍ በደንብ የሚያነቡ ሰዎች አሉ። ሰብሳቢዎች ይባላሉ። አሮጌ ጠመንጃ የሚገዙት ለታሪኩ ነው። ከ2010 ዓ.ም. ወዲህ ባሉት ዓመታት ከኢትዮጵያ የወጡ ብዙ አሮጌ ጠመንጃዎች በአሜሪካ ለሰብሳቢዎች ተሽጠዋል። በአሜሪካ ሕግ በ1898 ወይም ከዚያ በፊት የተሠራ ጠመንጃ እንደ ጥንታዊ ዕቃ ይቆጠራል። ስለዚህ ሰብሳቢው ዓመቱን ይፈልጋል። ቁጥሮቹ አንድ መሆናቸውን ያያል። የአንበሳ ምልክት ካለው የበለጠ ይከፍላል። በሊዬዥ እንደ ቁራጭ ብረት ተሽጦ ወደ እኛ የመጣ ጠመንጃ፣ ዛሬ እንደገና ተሽጦ ባሕር ይሻገራል።

ነገር ግን ሰብሳቢው የማያነበው አንድ ነገር አለ። ፋብሪካው ስሙን ጽፏል። ጦሩም ምልክቱን መቷል። ጠመንጃውን ይዞ አድዋ የዘመተው ሰው ስም ግን ብረቱ ላይ የለም። በረሃ የገባው አርበኛ ስም የለም። ላሟን ሸጣ ለልጇ ስንቅና ጥይት የገዛችው እናት ስም የለም። ይህን የሚያውቁት ሽማግሌዎቻችን ብቻ ናቸው። ሲሞቱ አብሮ ይቀበራል።

ስለዚህ እንዲህ አድርጉ። ጠመንጃ ያለ ፈቃድ መያዝ በዐዋጅ ቁጥር 1177/2012 የተከለከለ ነው፤ ፈቃዱን አስቀድሙ። ጥይት አለመኖሩን የሚያውቅ ሰው ይፈትሸው። አፈሙዙን ወደ ሰው አታዙሩ። ምልክቱን በሞረድ አትፋቁት፣ ቀለምም አትቀቡት። ከዚያ ደብተርና እርሳስ ያዙ። ምልክቱን እንዳለ ሳሉት። ዓመቱንና ቁጥሩን ጻፉ። ቀጥሎም አባባን ወይም እማማን ጠይቁ። «ይህን ማን ያዘው? የት ተዋጋበት? በምን ተገዛ?» በሉ። የሚሉትን ሁሉ ጻፉ። ትናንት ይህን ለማድረግ ጸሐፊ መለመን ነበረባችሁ። ዛሬ ግን ራሳችሁ መጻፍ ትችላላችሁ።