ባለቤቱ ሲሄድ የሚቀር ውሻ

ከካኩማ ሰው ይሄዳል፣ ውሻ ይቀራል። ካምፑ እ.ኤ.አ. በ1992 ከቆመ ጀምሮ አንዱ ወደ ሦስተኛ አገር፣ አንዱ ወደ ናይሮቢ፣ አንዱም ወደ አገሩ ሲመለስ አይተናል። የሚሄደው ሰው አልጋውን ለሚገዛው ሸጦ፣ ጀሪካኑን ለጎረቤት ትቶ፣ ብርድ ልብሱን ለዘመድ አከፋፍሎ ነው የሚሄደው። ውሻውን ግን ብዙ ጊዜ ለማንም አይሰጥም፤ ማን ይቀበለዋል? ውሻው በተዘጋው በር ላይ ተኝቶ ይጠብቃል። ስለሆነም እኛ በአንድ ብሎክ የምንኖር ጎረቤታሞች ቡችላ ስለማሳደግ ስንጽፍ የምንነሳው ከአንድ ጥያቄ ነው፤ ይኸውም «ይህ ቡችላ እኛ ከሄድን በኋላ ከማን ጋር ይኖራል?» የሚለው ነው።

ከአንድ እናት የተወለዱ ሁለት ውሾች እናውቃለን። ሁለቱም የዚሁ አገር ቡናማ ውሾች ነበሩ። አንደኛው ለሌባ ተብሎ የተያዘ ነው። ከቡችላነቱ ጀምሮ በአጭር ሰንሰለት ከምሰሶ ጋር ታስሮ፣ ሰው ባለፈ ቁጥር «ያዝ!» እየተባለ አደገ። ለጌታው ጭራውን ይቆላል፤ ለሌላው ሁሉ ጥርስ ነው። ቤተሰቡ እ.ኤ.አ. በ2016 ሲሄድ ሰንሰለቱን ሊፈታለት የደፈረ ሰው አልተገኘም። ውሃ እንኳን የምንሰጠው ጣሳውን በረጅም እንጨት እየገፋን ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ሰንሰለቱን በጥሶ ወጣና ከቧንቧው ዘንድ ተሰልፋ የነበረች ልጅ ነከሰ፤ በዚያው ዕለት በድንጋይ ተወግሮ ሞተ። ልጅቱ ክትባቷን ጨርሳ ዳነች።

ሁለተኛው ውሻ መቻል ይባል ነበር። እርሱን ያሳደጉት አንድ የጎንደር ሽማግሌ ናቸው። «ልጆቼ፣ ይህ ውሻ የእኔ ገንዘብ አይደለም፤ አደራ ነው። ነገ ማን እንደሚበላው እንጀራ አላውቅም እንጂ የሆነ ሰው እጅ ላይ መብላቱ አይቀርም» ይሉን ነበር። ሽማግሌው ሲሄዱ መቻል ከአንድ የኮንጎ ቤተሰብ ጋር ቀረ። እነርሱም ሲሄዱ ከአንዲት ደቡብ ሱዳናዊት እናት ጋር ኖረ። በመጨረሻ አርጅቶ በጥላ ሥር ሞተ።

ልጅቱ በተነከሰች ማግሥት የብሎኩ ሰው ተሰብስቦ «ውሻ የሚባል ሁሉ ይጥፋ» ሲል፣ ያነሰ ቁጣ አልነበረም፤ ተገቢም ነበር። ክርክሩን የለወጠው መቻል ነው። አንድ ሰው ተነሥቶ «ያም ውሻ፣ ይህም ውሻ ነው» አለ። ከብዙ ንግግር በኋላ በሦስት ውል ተስማማን፤ ውሻ ያለው ሁሉ ያስከትባል፤ በውሃ ሰዓት ውሻውን አይለቅም፤ ማንም ጎረቤት ሲያዘው የሚሰማ ውሻ ያሳድጋል። ሦስተኛው ውል ከሁሉ ይከብዳልና ከዚህ ቀጥሎ የምንጽፈው ስለ እርሱ ነው።

ሁሉ ነገር የሚጀምረው ከጊዜው ነው። ቡችላ ዓይኑን የሚገልጠው በተወለደ በ2 ሳምንት ገደማ ነው። ከ3ኛው እስከ 12ኛው ወይም 14ኛው ሳምንት ያለው ጊዜ ደግሞ ወዳጁንና ጠላቱን የሚለይበት ወራት ነው። በአሜሪካ በሜይን ግዛት ባር ሐርበር በተባለ ስፍራ ብዙ ቡችሎች ያጠኑት ጆን ፖል ስኮትና ጆን ፉለር ይህን እ.ኤ.አ. በ1965 ባሳተሙት መጽሐፍ በሰፊው አስረድተዋል። በዚያው ስፍራ በተደረገ ሙከራ እስከ 14ኛው ሳምንት ሰው ሳይነካቸው ያደጉ ቡችሎች ሰውን እንደ አውሬ የሚሸሹ ሆነው ተገኝተዋል። እንግዲህ በምሰሶ ታስሮ አንድ ሰው ብቻ እያየ ያደገ ቡችላ የሰው ልጅ ማለት ያ አንድ ሰው ብቻ ይመስለዋል። ሌላው ሁሉ ለእርሱ ባዕድ ነው።

ስለዚህ ቡችላውን 8 ሳምንት ሳይሞላው ከእናቱ አትለዩት፤ ከተለየ በኋላ ግን ካምፑን አሳዩት። ጃንጥላ የያዘ ሰው፣ መከናነቢያ የለበሰች ሴት፣ በትር የያዘ የቱርካና እረኛ፣ ቦዳ ቦዳ፣ አህያ፣ ጀሪካን የሚያንኳኳ ሕፃን፣ ሁሉንም ከሩቅ ይይ። ሳይፈራ ሲያይ ትንሽ ነገር ስጡት። ከፈራ ግን አትጎትቱት፤ ወደ ኋላ መለስ ብላችሁ ከሩቅ እንደገና ጀምሩ። ክትባቱን እስኪጨርስ ድረስ ደግሞ ከማታውቁት ውሻ ጋር አታነካኩት፤ አቅፋችሁ ብታዞሩት ይሻላል። ይህም ማለዳ ወይም ፀሐይ ስትጠልቅ ይሁን፤ በቀትር አሸዋው መዳፉን ያቃጥለዋል።

ቀጥሎ የንክሻ ነገር ነው። ቡችላ 28 የወተት ጥርሶች አሉት፤ እንደ መርፌ የሾሉ ናቸው። ሲጫወት መንከሱ ክፋት አይደለም፤ ከወንድሞቹ ጋር የለመደው ነው። ወንድሙን አጥብቆ ሲነክሰው ያኛው ጮኾ ጨዋታውን ያቆማል፤ ነካሹም ልኩን የሚያውቀው በዚህ ነው። እኛም እንደዚያው ማድረግ ነው፤ ጥርሱ ሲነካን ጨዋታውን አቁመን፣ እጃችንን ሰብስበን ለጥቂት ጊዜ ዞር ማለት፣ ከዚያ የሚያኝከው ጨርቅ ወይም ገመድ መስጠት። አፉን መምታት ግን እጅ ሲመጣ መፍራትን ነው የሚያስተምረው፤ እጅ የሚፈራ ውሻ ደግሞ አንድ ቀን የሕፃን እጅ ሲመጣበት ይነክሳል። ከ4 እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ ጥርሱን ሲቀይር ጫማችሁን ይበላል። ጫማችሁን ስቀሉት። ጥርሶቹ 42 ሆነው ሲያበቁ ይቀንሳል።

ስለ ሽንት የሚጠይቁን ብዙ ናቸው። የ2 ወር ቡችላ ከ2 ሰዓት በላይ ይይዛል ብሎ መጠበቅ ከባድ ነው። ከእንቅልፉ ሲነሣ፣ በልቶ ሲጨርስ፣ ተጫውቶ ሲያበቃ ወዲያው ወደ አንድ የታወቀ ቦታ ውሰዱት። እዚያ ሲሸና በዚያው ቅጽበት አመስግኑት። ቤት ውስጥ ካገኛችሁበት አፍንጫውን በሽንቱ ላይ አታሹት፤ ወለላችን አፈር ነውና የረጠበውን አፈር ጠርጋችሁ ጣሉ፣ ሽታው ካልጠፋ ወደዚያው ይመለሳልና። «ኧረ ጥፋቱን ያውቃል፣ አንገቱን ይደፋል» የሚለን ሰው አለ። አሌክሳንድራ ሆሮዊትዝ የተባለች ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣችው ጥናት ይህን መርምራለች። ውሾቹ አንገታቸውን የሚደፉት ባለቤቱ ሲቆጣቸው ነበር፤ አጥፍተው ቢሆን ባያጠፉም ያው ነው። ውሻ የሚያነበው ፊታችንን ነው። ከአንድ ሰዓት በፊት ለሠራው ነገር ብንመታው «ሰው ሲመጣ ያማል» ከማለት በቀር የሚይዘው ትምህርት የለም።

አሁን ወደ ጎረቤት እንምጣ። ቡችላ በደስታ ሰው ላይ ሲዘል ብዙዎቻችን እንስቃለን። ከአጥራችን ማዶ ለምትኖረው ሶማሊያዊት እናት ግን ነገሩ ሳቅ አይደለም። በሻፊዒ መዝሀብ የውሻ ምራቅ የነካው ነገር 7 ጊዜ ይታጠባል፤ ከሰባቱ አንዱ በአፈር ነው። ውሃ በሰልፍ በሚቀዳበት ካምፕ ቡችላችን ቀሚሷን ሲልሰው የጸሎት ሰዓቷንም ጀሪካኗንም ወሰደባት ማለት ነው። በእኛም ዘንድ ውሻ ቤተ ክርስቲያን አይገባምና ይህ ሊገባን አያዳግትም። እንግዲህ ቡችላው ሲዘል ማንም አይንካው፣ አያናግረው፣ አይግፋውም፤ መግፋት ለእርሱ ጨዋታ ነው። ፊትን አዙሮ መቆም፣ አራቱም እግሮቹ መሬት ሲነኩ ያን ጊዜ ማመስገን ነው። ቤተሰቡ ሁሉ በዚህ ካልተስማማና አንዱ ሲከለክል ሌላው ካቀፈው፣ ቡችላው የሚማረው ቶሎ ቶሎ መዝለልን ነው።

ትእዛዙ በምን ቋንቋ ይሁን? ሽማግሌው ከእኛ ሁሉ ቀድመው ያሰቡት ይህን ነው። መቻል አማርኛ ይሰማ ነበር፤ የሚታዘዘው ግን በስዋሂሊ ነበር፤ «ንጆ» ሲሉት ይመጣል፣ «ካ» ሲሉት ይቀመጣል፣ «አቻ» ሲሉት የያዘውን ይተዋል። ከእያንዳንዱ ቃል ጋር የእጅ ምልክት ነበረው። ሽማግሌው ራሳቸው ስዋሂሊ የሚያውቁት ከገበያ ያህል ነው፤ ነገር ግን ውሻውን የሚወርሰው ሰው ኮንጎም ይሁን ሱዳን፣ ቱርካናም ይሁን ቡሩንዲ፣ እነዚህን ሦስት ቃላት እንደማያጣቸው አውቀዋል። የጎረቤት ልጆችንም በየተራ እየጠሩ «ንጆ በሉት» ያሰኙ ነበር፤ ውሻው የአንድ ሰው ድምፅ ብቻ እንዳይለምድ ነው።

«ለራሳችን ራሽን ተቀንሶብን ለውሻ ሽልማት ከየት ይምጣ?» የሚል ጥያቄ ይቀርብልናል። ሽልማቱ ተጨማሪ ምግብ አይደለም፤ የዕለት ድርሻው ነው። የባቄላ ፍሬ የምታህል የኡጋሊ ወይም የእንጀራ ቁራሽ ትበቃለች። ቁም ነገሩ መጠኑ ሳይሆን ፍጥነቱ ነው፤ በተቀመጠ በ1 ወይም በ2 ሴኮንድ ውስጥ ካልደረሰው ለምን እንደተሰጠው አያውቅም። አምስት ደቂቃ ማለዳ፣ አምስት ደቂቃ ማታ ይበቃል። ትእዛዙን አጥርቶ ካወቀ በኋላ ቁራሿን አንዳንድ ጊዜ ብቻ ስጡት፤ በቀረው ምስጋና ይበቃዋል። ሲበላ ደግሞ ሳህኑን አትንጠቁት። ንጥቂያ የለመደ ውሻ ምግቡ ላይ ሰው ሲቀርብ ያጉረመርማል። ይልቅስ በአጠገቡ ስታልፉ አንድ ቁራሽ ጣል አድርጉለት፤ የሰው መቅረብ ትርፍ እንጂ ጉድለት እንዳልሆነ ያያል። ሕፃናት ግን በሚበላ ውሻ አጠገብ አይድረሱ።

ስለ ጩኸት አንድ ቃል። «ውሻ በበላበት ይጮኻል» ይባላል፤ ይጩኽ፣ ሥራው ነው። ሁለት ሦስቴ ሲጮኽ ሄዳችሁ እዩ፤ ከዚያ ጥሩትና ዝም ሲል ሸልሙት። ከቤት ውስጥ ሆኖ «ዝም በል!» እያሉ መጮኽ ለእርሱ አብሮ መጮኽ ነው። ማሰር ግድ ከሆነ በሁለት ምሰሶ መካከል ሽቦ ዘርግታችሁ ገመዱን በቀለበት አንሸራቱለት፤ ጥላና ውሃ ይድረሰው። ቀኑን ሙሉ በአጭር ሰንሰለት የሚውል ውሻ መሸሽ ስለማይችል መንከስን ይመርጣል።

ፍየል የሚያሳድድ ውሻ ግን ከባለቤቱ አልፎ ካምፑንና ባለአገሩን ያጣላል። ለቱርካና ሰው ፍየል ወተቱ፣ ጥሎሹና ተቀማጩ ነው። ቡችላው ፍየል ሲያይ በገመድ ይያዝ፤ ዓይኑን ከፍየሏ ወደ እናንተ ሲመልስ ሸልሙት። አንዴ ማሳደድን ከቀመሰ ማስተው ከባድ ነውና አስቀድሞ ሳይቃጠል በቅጠል ነው።

ስለ እብድ ውሻ በሽታ የምንለው አጭር ነው። በዓለም ላይ በየዓመቱ ወደ 59,000 ሰው እንደሚገድል ይገመታል፤ ሰው ላይ ከሚደርሰው እስከ 99 በመቶው ከውሻ የመጣ ነው። ቡችላ በ3 ወሩ ይከተባል፤ ከዓመት በኋላ ይደገምለታል። ውሻ መግደል በሽታውን አላጠፋም፤ ከ100 ውሾች 70ው ሲከተቡ ግን መተላለፉ ይቆማል። የተነከሰ ሰው ቁስሉን በሚፈስ ውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ ሙሉ ይጠበው፤ በዚያው ዕለት ክሊኒክ ይሂድ። የሕመሙ ምልክት ከታየ በኋላ መድኃኒት የለውም ማለት ይቻላል። ጠበል የሚጠመቅ ይጠመቅ፤ ክትባቱን ግን አያስቀር።

መሄጃው ሲደርስ ውሻውን በአንድ ቀን አታስረክቡት። ተቀባዩ ሰው ቢያንስ ለአንድ ሳምንት እናንተ ቤት መጥቶ ያብላው፤ ከዚያ የሚተኛበትን ጨርቅ ሳታጥቡ ከእርሱ ጋር ላኩት፣ ሽታው ያጽናናዋልና። ትእዛዞቹን ለአዲሱ ሰው በቃሉ አስጠኑት። እ.ኤ.አ. በጥር 2025 አሜሪካ ስደተኞች የምትቀበልበትን ፕሮግራም ስታቆም ሻንጣቸውን አስረው የነበሩ ጎረቤቶቻችን መልሰው ፈቱ። ከእነርሱ አንዱ ውሻውን በዚህ ዓይነት አስረክቦ ነበር። ሰውየው እዚሁ ቀረ፤ ውሻውም ጠዋት በአንዱ ቤት፣ ማታ በሌላው ቤት ይበላል፤ በሁለቱም በር ላይ ይጮኻል።

በአሁኑ ሰዓት በብሎካችን አንዲት ውሻ 5 ቡችሎች አሏት፤ ዓይናቸውን ከገለጡ 4ኛ ቀናቸው ነው። 8 ሳምንት ሲሞላቸው እንሰጣለን። የሚፈልግ ሰው እስከዚያ እየመጣ ያቅፋቸው፣ ልጆቹንም ያምጣ። ሲወስድ ግን አንድ ነገር እንጠይቀዋለን፤ እርሱ ሲሄድ ቡችላውን ለማን እንደሚሰጥ ከአሁኑ አስቦ የአንድ ጎረቤት ስም ይዞ ይምጣ። ጎረቤቱም አብሮ ቢመጣ ደስ ይለናል።